በዝምታ ላይ የተፈረመ ሰነድ

ይህን የምጽፈው ለእኩዮቼ ነው። ከኮቦል ዘመን ጀምሮ ሲስተም ስትሠሩ፣ ስታሠሩና ስትገመግሙ ለኖራችሁ፤ ዛሬ ደግሞ ወጣቶቹ በየስብሰባው ግንባር ቀደም ቦታ ለሚለቁላችሁ። ልጆቹ የሚያዩት እኛን ነው። እኛ ዎርክሾፕ የምንመራበትን መንገድ ነገ እነሱ ይይዙታል። ስለዚህ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ከእነሱ በፊት ለእናንተ ልናገር።

የሪኳየርመንት ዎርክሾፕ ማኅተም እየሆነብን ነው። ተጠቃሚውን ለመስማት የተፈጠረ ስብሰባ፣ ተጠቃሚው ነገ እንዳይወቅሰን የሚያስፈርም ስብሰባ ሆኗል። ሲስተሙ ተሠርቶ መስኮት ላይ ሲቀመጥ፣ ባለጉዳይ ሲንገላታ፣ ሠራተኛው ወደ መዝገብ ደብተሩ ሲመለስ፣ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ራሳቸው ያሉት ነው፤ ቃለ ጉባኤው ይኸው፤ ፈርመዋል።» በእርግጥ ፈርመዋል። ነገር ግን አልተናገሩም። ዝም ብለው ነው የፈረሙት፤ ዝምታቸውም ስምምነት ተብሎ ተጻፈ።

ይህ የሚያስከትለውን ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 1992 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የለንደን አምቡላንስ አገልግሎት አምቡላንስ የሚያሰማራ የኮምፒዩተር ሲስተም ሥራ አስጀመረ። እስከዚያ ጥሪው በወረቀት ተጽፎ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። በሰዓታት ውስጥ ሲስተሙ የትኛው መኪና የት እንዳለ ጠፋበት፤ ለአንድ ጥሪ ከአንድ በላይ አምቡላንስ ሲሄድ፣ ሌላው ታማሚ ይጠብቃል። በማግስቱ ሥራው በከፊል ወደ ወረቀት ተመለሰ። በ1993 የወጣው የምርመራ ሪፖርት የቴክኒክ ጉድለቶቹን ከዘረዘረ በኋላ ሌላም ነገር አስፍሯል፦ መኪናውን የሚነዱት፣ ቁልፉን የሚጫኑት ሠራተኞች በዝግጅቱ በወጉ አልተሳተፉም፤ ሲስተሙንም የእኛ ብለው አልተቀበሉትም። የሚጠብቀው ሰው የታመመ ሰው መሆኑን አትርሱ። የእኛም ሲስተሞች ዛሬ ሆስፒታል፣ ባንክ፣ መሬት አስተዳደርና ወሳኝ ኩነት ገብተዋል።

ዎርክሾፕ ይቅር እያልኩ አይደለም። ሐሳቡ የተወለደው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ቸክ ሞሪስና ቶኒ ክራውፎርድ የሚባሉ የአይቢኤም ባለሙያዎች፣ አናሊስቱ ከቢሮ ቢሮ እየዞረ እያንዳንዱን ለብቻው ከሚጠይቅ የሚመለከታቸው ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ቢነጋገሩ ይሻላል ብለው ጃድ የተባለውን ዘዴ ጀመሩ። ምክንያቱን የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል። አናሊስቱ ከሒሳብ ክፍል አንድ ነገር፣ ከመጋዘን የዚያን ተቃራኒ ሰምቶ ይመጣል፤ ተቃርኖውን የሚፈታው ጠረጴዛው ላይ ብቻውን፣ በግምት ነበር። ሁለቱ ፊት ለፊት ከተቀመጡ ግን ራሳቸው ይፈቱታል። ከዚያም በፌብሩዋሪ 2001 አሥራ ሰባት ሰዎች አሜሪካ ዩታ ግዛት ስኖውበርድ ላይ ተሰብስበው የአጃይልን መግለጫ ሲያወጡ፣ ከውል ድርድር ይልቅ ከደንበኛው ጋር አብሮ መሥራትን እንደሚያስቀድሙ ጻፉ። እኛ በዚያው በአጃይል ስም የምናስፈርመው ሰነድ ግን ውል ነው፤ ያውም አንዱ ወገን አፉን ሳይከፍት የገባበት ውል።

ክፍሉን ታውቁታላችሁ። ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ያለ ሆቴል ነው። የታሸገ ውሃ፣ ከረሜላ፣ እስክሪብቶና ማስታወሻ ደብተር ተደርድሯል። ዳይሬክተሩ የመክፈቻ ንግግር ያደርጋሉ፤ ሲስተሙ ምን መሥራት እንዳለበት እዚያው ንግግራቸው ውስጥ ይናገራሉ፤ ከዚያም ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ነው። በመጨረሻ «እስቲ ነጻ ሆናችሁ ተወያዩ» ይባላል። ማን ነጻ ይሆናል?

ብዙዎቻችን ይሉኝታ ነው ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን ከይሉኝታም የከበደ ነገር አለበት እላለሁ። መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት የሠራ ሰው በግምገማ ውስጥ ያለፈ ነው። ስብሰባ ላይ የተናገረው ቃል ከወራት በኋላ ፋይሉ ውስጥ ሲገኝ አይቷል። «የሥራ ሂደቱን ልናጠና ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ በቢፒአር ጊዜ ሰምቶታል፤ ጥናቱ ሲያልቅ ወንበሩ የታጠፈበትን ባልደረባውንም ያስታውሳል። አሁን እናንተ መጥታችሁ «ሥራህን ከሀ እስከ ፐ አስረዳን፤ በኮምፒዩተር ልንተካው ነው» ስትሉት ምን እንዲሰማው ትጠብቃላችሁ? ዝም አይነቅዝም ብሎ ይቀመጣል። ልጆች የሚያሳድግ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ነው፤ አልፈርድበትም። የምፈርደው ይህን እያወቀ ስብሰባውን በዚያው መልክ በሚጠራ ባለሙያ ላይ ነው።

ደግሞስ ማን ነው የሚጠራው? ሥራውን የሚያውቀው ሰው መስኮቱን ትቶ መምጣት ስለማይችል፣ ወረፋ ስላለ፣ የሚላከው የአበል ተራ የደረሰው ነው። ስለዚህ ክፍሉን ሥራውን የሚያዙና ስለ ሥራው የሰሙ ሰዎች ይሞሉታል። እኛም ወንበሩ ስለሞላ ውክልናው የተሟላ ይመስለናል። የተሳታፊዎች ዝርዝር ከሰነዱ ጋር ይያያዛል። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ባለፈው ሳምንት መስኮቱ ላይ የነበረው ማን እንደሆነ የጠየቀ ሰብሳቢ ግን እምብዛም አይገጥመኝም።

በአንድ ሆስፒታል የሕሙማን ምዝገባ ሲስተም ዎርክሾፕ ላይ በአማካሪነት ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰሌዳው ላይ የተሳለው ሂደት ንጹሕ ነበር። ታካሚ ይመጣል፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ስልክና ቀበሌ ይመዘገባል፤ የካርድ ቁጥር ይወጣለታል፤ ወደ ሐኪም ይላካል። ሁሉም የግድ የሚሞሉ ቦታዎች ናቸው፤ አንዱ ባዶ ከሆነ ሲስተሙ አያሳልፍም። የጥራት ማረጋገጫ ነው ተብሎ ተመሰገነ። ከካርድ ክፍል የመጣችው ሠራተኛ በሩ አጠገብ ተቀምጣ እስከ ሻይ ሰዓት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሻይዋን ይዛ ለብቻዋ ቆማ ሳገኛት «ልጄ፣ ሌሊትም ትገቢያለሽ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ የሌሊቱ ሰው እኮ ስሙን አይነግረንም» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ማቆሚያ አልነበራትም። መኪና የገጨው አለ፤ ራሱን ስቶ ፖሊስ አንስቶ ያመጣው አለ። «ያልታወቀ ወንድ» ብለው ካርድ ያወጡለታል። ሲነጋ ቤተሰብ ፈልጎ ይመጣል፤ ስሙ ይስተካከላል፤ ቀድሞ የወጣ ካርድ ካለው ተፈልጎ ከአዲሱ ጋር ይያያዛል። ከገጠር የመጡ እናት የተወለዱበትን ቀን አያውቁትም፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን ዕድሜ ጠይቃ ትገምታለች። ካርዱ የጠፋበት ሰው ሲመጣ የምትፈልገው በስሙ ነው፤ አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ስለሚጽፍ ከሁለት ሦስት መደርደሪያ ታስሳለች። ስልክ የሌለው አለ፤ የጎረቤት ስልክ የሚሰጥ አለ።

«ሲስተሙ ካልሞላሽ አላሳልፍም ካለሽስ?» አልኳት።

«የሆነ ነገር እሞላለታለኋ! መስከረም አንድ እላለሁ። ስልኩንም የራሴን እጽፋለሁ። ሰውየው እየደማ ምን ላድርግ?»

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ያ ንጹሕ ሰሌዳ ቢፈረም ኖሮ፣ ሥራዋን የምትወድ አንዲት ሴት በየሌሊቱ ሐሰት እንድትመዘግብ ትገደድ ነበር። መስከረም አንድ የተወለዱ፣ አንድ ስልክ የሚጋሩ በሽተኞች መዝገቡን ይሞሉታል። ስማቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ሰዎች በዚያ መዝገብ ሊምታቱ ይችላሉ፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው የትኛው እንደሆነም ሐኪሙ ከኮምፒዩተሩ ላያገኘው ይችላል። ፕሮግራሙ አንድም ስህተት ሳይኖርበት፣ በተፈረመው ልክ እየሠራ ሰው ይጎዳል። ይህን ሁሉ ታውቅ የነበረችው አንዲቱ ሴት ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጣ ነበር።

ከሻይ በኋላ ሰብሳቢውን አነጋገርኩት፤ ጨዋ ሰው ነበርና ሰማኝ። ኃላፊዎቹ ስለ በጀትና ስለ ርክክብ በሌላ ክፍል እንዲወያዩ ተደረገ። ግድግዳው ላይ ረጅም ወረቀት ተለጠፈ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ፣ ተረኛው ነርስና የፋርማሲው ባለሙያ ያለፈውን ሌሊት የሆነውን፣ እያንዳንዱን ነገር በየራሱ ብጣሽ ወረቀት ላይ እንዲጽፉ ተጠየቁ። አልቤርቶ ብራንዶሊኒ የተባለ ጣሊያናዊ ከ2013 ጀምሮ ኢቨንት ስቶርሚንግ ብሎ ያስተዋወቀው ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው፤ በብርቱካናማ ወረቀት ላይ የሆነው ነገር በኃላፊ ጊዜ ይጻፋል፣ በጊዜ ቅደም ተከተል ይለጠፋል። «ካርድ ጠፋ።» «ታካሚው ስሙን ሳይናገር ገባ።» «መድኃኒቱ ሳይከፈል ተሰጠ።»

ለእኛ አገር ክፍል ይህን ዘዴ የምወድበት ምክንያት አለኝ። «ምን ትፈልጋለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሠራተኛ አስተያየት እንዲሰጥ ነው የተጠየቀው፤ አስተያየት ደግሞ ከአለቃ አስተያየት ጋር ይጋጫል። «ትናንት ማታ ምን ሆነ?» ሲባል ግን ምስክርነት ነው የሚሰጠው። ሁሉም መጀመሪያ በየራሱ፣ ሳይነጋገር ይጽፋል፤ ስለዚህ ቀድሞ የተናገረ ትልቅ ሰው ቃል ሌላውን አይጫነውም። በአማርኛም በኦሮምኛም፣ በፈለገው ቋንቋ ይጽፋል። በዚህ መንገድ ድምፅ ሳያሰሙ መናገር ይቻላል። ብጥስጣሹ ወረቀት ለብቻው ግን ምንም አያድንም፤ ግድግዳው በቀለም አሸብርቆ አለቃው መሐል ቆመው «ይሄን ማን ጻፈው?» ሲሉም አይቻለሁና።

አንድ ነገር አደራ የምላችሁ አለ። በዚያ ግድግዳ ላይ ያልተፈታ ክርክር ሲነሳ በሌላ ቀለም ወረቀት ይለጠፋል። ያልታወቀውን ታካሚ ካርድ ማን ይዝጋው? ሳይከፈል የወጣውን መድኃኒት ማን ይተካ? ቃለ ጉባኤው ሲጻፍ መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ወረቀቶች ናቸው፤ ሰነዱ ያላለቀ ያስመስላሉና። ሲስተሙ የሚወድቀው በእነሱ በኩል ነው። ያልተስማሙበትን ነገር በስሙ ጠርቶ፣ ባለቤትና ቀን ሰጥቶ የማይመዘግብ ዎርክሾፕ አለባብሶ ማረስ ነው፤ በአረም መመለሱ አይቀርም።

ሠራተኛው ከተናገረስ ይበቃል? ይበቃል ብለው የሚያስቡ እኩዮች ስላሉኝ የአሜሪካውን የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ታሪክ አነሳለሁ። ቢሮው ያረጀውን የምርመራ መዝገብ ሲስተሙን ለመተካት ቨርቹዋል ኬዝ ፋይል የተባለ ፕሮጀክት ጀመረ። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ነገሩ አስቸኳይ ሆነ። በ2002 ለስድስት ወራት ያህል የቢሮው ሰዎችና ሲስተሙን እንዲሠራ የተቀጠረው ኩባንያ መሐንዲሶች በጃድ ዘዴ እየተቀመጡ ተወያዩ። እዚያ ዝምታ አልነበረም፤ መርማሪዎቹ ሥራቸውን አስረዱ፣ የሚፈልጉትን ገጽና ቁልፍ ሳይቀር ተናገሩ። ውጤቱ ከ800 ገጽ የሚበልጥ የሪኳየርመንት ሰነድ ሆነ። ሰነዱ ከተዘጋ በኋላ ግን ፍላጎቱ መለዋወጡን አላቆመም፤ መርማሪው በገዛ ጠረጴዛው ላይ እየሞከረ የሚያርመው፣ በየጊዜው የሚደርሰው የሚሠራ ነገርም አልነበረም። በዲሴምበር 2003 ሲስተሙ ተረከቡ ተብሎ ሲቀርብ ቢሮው በዚህ ሁኔታ አልቀበልም አለ። ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ክርክር ወደ ገላጋይ ሄደ። በ2005 ፕሮጀክቱ ተጣለ፤ 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አብሮት ሄደ።

ተከታዩ ሴንቲኔል በ2006 በሌላ ኩባንያ ተጀምሮ እሱም ዘገየ። በ2010 ቢሮው ሥራውን ራሱ ያዘው፤ አነስተኛ ቡድን አቋቁሞ፣ በአጭር በአጭር ስፕሪንት እየከፈለ፣ የተሠራውን እያሳየ ሄደ፤ በጁላይ 2012 ለመላው ቢሮ ተዳረሰ። እዚህ ላይ የማየው ልዩነት፣ መጀመሪያ የተነገረው ቃል ወደ ተናጋሪው መመለስ አለመመለሱ ነው። ስድስት ወር የተነገረ ቃል ሰነድ ውስጥ ገብቶ ሲታሸግ ያረጃል። በሁለት ሳምንቱ በሚነካ ነገር ተመልሶ ሲመጣ ግን ተናጋሪው «ኧረ እንዲህ አላልኩም» ለማለት ዕድል ያገኛል።

የአጃይልን መግለጫ ካወጡት አሥራ ሰባት ሰዎች አንዱ የሆነው ሮን ጄፍሪስ በዚያው በ2001 ዩዘር ስቶሪ ሦስት ነገር አለው ብሎ ነበር፦ ታሪኩ የሚጻፍበት ካርድ፣ በካርዱ ዙሪያ የሚደረገው ንግግርና መጨረሻ ላይ የሚመጣው ማረጋገጫ። እኛ ካርዱን ብቻ ወሰድን። የግድግዳው ፎቶ ይነሳል፤ ከሳምንታት በኋላ ክፍሉ ውስጥ ያልነበረ ልጅ ፎቶውን እያየ ጂራ ላይ ይገለብጠዋል፤ ያልገባውን በገባው ይሞላዋል። ዴቨሎፐሩ ከዚያ ያነባል። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ቃል በሦስተኛ እጅ «ተጠቃሚው ታካሚን መመዝገብ መቻል አለበት» ሆኖ ይቀራል። ሌሊቱም፣ ፖሊሱም፣ የደማው ሰውም የሉበትም። እባካችሁ ፕሮግራሙን የሚጽፈውን ልጅ ራሱን ክፍሉ ውስጥ አስቀምጡት። ከዚያም በፊት አንድ ሌሊት ካርድ ክፍል ይደር፤ አንድ ጠዋት ወረፋው ላይ ይቁም። አዲስ አበባ ተቀምጦ ሆቴል ድረስ ከመሄድ ሆስፒታሉ ይቀርባል፤ ወጪውም ያንሳል።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ሆናችሁ ለአገር ቤት ፕሮጀክት የምታግዙ ወንድሞችና እህቶችም አላችሁ። ልባችሁ ንጹሕ እንደሆነ አውቃለሁ። የእናንተ ጠዋት የእኛ ከሰዓት ነው፤ በዙም የሚገባውም ቢሮው ውስጥ ጥሩ ኢንተርኔት ያለው፣ ማለትም አለቃው ነው። ድምፁን የዘጋ ስም ስክሪን ላይ ስታዩ «ጥያቄ የለም ማለት ነው» ብላችሁ አትለፉ። መስኮቱ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ የሚታመን ሰው ይኑራችሁ፤ እሱ ጠይቆ ይንገራችሁ።

አሁን ከሁሉ የከበደውን ልናገር፤ ይህ ደግሞ ወጣቶቹን የሚመለከት አይደለም፤ ጨረታ የምናዘጋጀውን፣ ውል የምናረቅቀውን፣ በገምጋሚ ኮሚቴ የምንቀመጠውን እኛን ነው። የመጀመሪያው ክፍያ የሚለቀቀው መቼ ነው? በብዙዎቹ ባየኋቸው ውሎች የሪኳየርመንት ሰነዱ ተፈርሞ ሲገባ ነው። እንግዲህ ኩባንያው ደመወዝ የሚከፍለው በዚያ ፊርማ ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቱም በጀቱ ሰኔ 30 ሳይዘጋበት መክፈል ካለበት፣ በሁለቱም በኩል ያለው ሰው የሚፈልገው ፊርማውን ነው። «ቆይ፣ ሌሊቱ አልተነገረም» የሚል ሰው የሁሉ እንቅፋት ይሆናል። ከላይ የወቀስኩት ሆቴል፣ ዝምታው፣ የተጣለው ባለ ሌላ ቀለም ወረቀት፣ ሁሉም የሚመነጨው ከዚህ አንቀጽ ነው። ዎርክሾፑን የቱንም ያህል ብናሳምር አንቀጹ ካልተነካ ተመልሶ ማኅተም ይሆናል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። የሚቀጥለው ረቂቅ ውል እጃችሁ ሲገባ ያንን አንቀጽ ፈልጉት። ክፍያው ከሰነድ ርክክብ ወጥቶ፣ በአጭር ጊዜ ተሠርቶ ሥራው ቦታ ላይ ከተሞከረ ቁራጭ ጋር ይታሰር፤ ሙከራውን የሚያረጋግጠውም መስኮቱ ላይ የሚሠራው ሰው በስሙ ይሁን፣ «አይሆንም» ቢል እንደማይጠየቅበትም በጽሑፍ ይቀመጥለት። የግዥ ክፍሉ ለእንዲህ ያለ ውል ቅጽ የለንም ይላችኋል። የሕግ ክፍሉ ወደ ግዥ ክፍሉ ይመልሳችኋል። እናንተ በዕድሜያችሁም በስማችሁም እዚያ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ ልትከራከሩ የምትችሉ ሰዎች ናችሁ፤ ከኮሌጅ ትናንት የወጣው ልጅ አይችልም። ሰኔ ሳይገባ፣ የዓመቱ ውሎች ገና በረቂቅ እያሉ ሂዱ።